ስለ ተማሪ ጥያቄና ስለ ሰው መልስ

በመስቀል ሰሞን በጉራጌ ምድር፣ በጉመር አረቅጥ ከተማ የተነገረ ዲስኩር



ደመራው ተለኩሶ፣ ክትፎው በጣባ ቀርቦ፣ ሽማግሌው መርቆ ካበቃ በኋላ ሰው ሰብስቦ ስለ ጥናትና ስለ ምርምር መናገር፣ በፋሲካ ማግስት ጾም እንደ መስበክ ስለሚቈጠር፣ ጥቂት ቃል ብቻ ተናግሬ ለመቀመጥ በልቤ ቈርጬ ነበር። ነገር ግን ትናንት ወደ ማታ፣ ከዘቢዳር ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ ባስገባበት ሰዓት፣ አንድ የሠፈራችን ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞ በእጁ የያዘውን ስድስት ገጽ ወረቀት ስላሳየኝ ሐሳቤን ለመለወጥ ተገደድሁ። ልጁ የዘንድሮ ተመራቂ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው ርእስ የአስተዳደር አወቃቀር መለወጥ በነዋሪው አስተያየት ላይ ያመጣውን ነገር የሚመረምር ሲሆን፣ ርእሱ ራሱ ባንድ ትንፋሽ ተነቦ የሚያልቅ አይደለም። በወረቀቱ ላይ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ «በፍጹም አልስማማም» እስከሚለው ድረስ አምስት አምስት ሳጥኖች እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ልጁ ይህን ሁሉ ካሳየኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሰዉ እውነቱን የሚነግረኝ ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ነገ በጉባኤው ፊት እመልስልሃለሁ» ብዬው አለፍሁ፤ ሌሊቱን ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ፤ ምክንያቱም ይህንኑ ነገር እኔ ራሴ በወጣትነቴ መጠየቅ ሲገባኝ ሳልጠይቀው የቀረሁት ነበርና።

በኢትዮጵያ ተማሪ የገዛ ወገኑን ኑሮ ጠይቆ በጽሑፍ ማኖር የጀመረው ትናንት አይደለም። የአዲስ አበባው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ከተከፈተ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በነበሩት በፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ አበረታችነት፣ ተማሪዎች የሕዝብን ልማድና ሥርዓት የሚመዘግብ ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ማኅበሩም እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የራሱን መጽሔት ያሳትም ነበር። ተማሪው ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲገባ ደብተር ይዞ ይገባል፤ የአያቱን የሠርግ ሥርዓት፣ የጎረቤቱን ልቅሶ፣ የመንደሩን ማኅበርና ገበያ ይጽፋል፤ ሲመለስ ጽሑፉን ለባልንጀሮቹ አንብቦ ይከራከሩበታል። በዚያ ማኅበር እጅ ተሰብስበው የነበሩት የባህል ዕቃዎች ዛሬ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ለምናየው ሙዚየም መነሻ ሆነዋል፤ ተቋሙም በ1955 ዓ.ም ተመሥርቷል። እንግዲህ ይህን ሁሉ የጀመሩት ገና አፍላ ጕርምስና ላይ የነበሩ ልጆች መሆናቸውን ሳስብ፣ ዛሬ «ተማሪ ምን ያውቃል» የሚለውን ሰው በትሕትና ልቃወመው እወዳለሁ።

ከዚያው ግቢ ግን ሌላ ዓይነት የተማሪ ጽሑፍም ወጥቷል። በኅዳር 1962 ዓ.ም የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የነበረው ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጥቂት ገጽ ብቻ ያላት ጽሑፍ በተማሪዎች መጽሔት ላይ አወጣ፤ ያቺ ጥቂት ገጽ የዚህችን አገር ሕገ መንግሥትና የአስተዳደር ካርታ እስከ ዛሬ ድረስ እያነጋገረች ትኖራለች። ጸሐፊዋ ደግሞ ከ3 ዓመት በኋላ አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገ ሙከራ ላይ ከነጓደኞቹ ተገደለ። ስለ ሐሳቡ ብዙ ሰው ብዙ ተከራክሯልና እኔ የምጨምረው የለም፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ሁለቱን የተማሪ ጽሑፎች አጠገብ ላጠገብ ሳስቀምጥ ነው። የማኅበሩ ልጆች እየዞሩ ጠየቁ፤ ነገር ግን ጥያቄያቸው ከሠርግና ከልቅሶ አልፎ በዘመኑ የሚያስፈራውን ነገር እምብዛም አልነካም። ዋለልኝ የሚያስፈራውን ነገር በድፍረት አነሣ፤ ነገር ግን ጽሑፉ ክርክር ነበርና በየቀበሌው ዞሮ የተለቀመ የገበሬ ቃል የለበትም። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ስለ ወቅታዊ ጉዳይ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ፣ ሳያውቀው ከሁለቱ ወደ አንዱ ያዘነብላል፤ እኔ በበኩሌ ወደ ፊተኞቹ አደላለሁ፤ ዕድሜ ነው ብላችሁ እለፉኝ።

ወደ ራሳችን ወደ ጉራጌ ስንመለስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ በ1950 ዓ.ም ገደማ ወደ ቸሃ መጥቶ ከሕዝቡ ጋራ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የሚጠራ መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላም ከአገራችን ልጅ ከሀብተ ማርያም ማርቆስ ጋራ በቃል የሚነገረውን ትውፊት ሰብስቦ አወጣ። ከሻክ መጽሐፍ ይልቅ የእኔን ልብ የነካው ግን ፈቃዱ ገዳሙ በለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ነው። ፈቃዱ የመረጠው ነገር የአባቶቻችንን የመንገድ ሥራ ማኅበር ነበር፤ ማለትም በመርካቶ የሚነግደው፣ በየጉልቱ የሚቸረችረው፣ ጫማ የሚጠርገው ሰው ሁሉ ከኪሱ አዋጥቶ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ የሚዘልቅ መንገድ ለማሠራት የተነሣበትን ማኅበር ነው። ይህ በዘመኑ ወቅታዊ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ እኛ ታሪክ እንለዋለን። ለመስቀል በአውቶቡስ ስትገቡ ተሳፋሪው ሁሉ በዕቃና በሥጋ ዋጋ ሲጨቃጨቅ የሰማችሁ ሁሉ፣ ከተማና ገጠር በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የፈቃዱን ጥናት ሳታነቡ አውቃችሁታል። ያወቃችሁትን ግን እናንተን ማንም ጠይቆ አልጻፈውም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልግባ።

ሰው መልሱን የሚመዝነው በጠያቂው ፊት ነው። ይህ ቃል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የአረቅጥ ልጅ በአረቅጥ መንደር ወረቀት ይዞ ሲገባ ምን መስሎ እንደሚታይ አስቡት። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ደብዳቤውን ለወረዳው ያቀርባል፤ ወረዳው ለቀበሌው ይመራለታል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም እንግዳ አክባሪ ነውና አንድ ሰው ያስከትልለታል። እንግዲህ ልጁ በጎዳናው ሲያልፍ፣ በየቤቱ በራፍ የተቀመጠው ሰው የሚያየው የአቶ እገሌን ልጅ አይደለም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ፣ የቀበሌ ሰው ያስከተለ፣ ስም የሚመዘግብ ሰው ነው። ምንም እንኳ ልጁ «ስምዎ በምስጢር ይጠበቃል» ብሎ ቢያነብ፣ ያን ቃል የሚሰማው አብሮት የቆመው የቀበሌ ሰው ጭምር ነው። ስለሆነም ለቀበሌ ሊመለስ የሚገባው መልስ ይመለሳል፤ ልጁም ያንን ለቅሞ፣ በሠንጠረዥ አስፍሮ፣ በመቶኛ አስልቶ፣ በጥቍር ሽፋን አስጠርዞ፣ በወርቅ ቀለም ስሙን አስጽፎ ይመረቃል።

በ1978 ዓ.ም እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዤ በዚሁ በጉመር ምድር ዞሬያለሁ። ወረቀቱ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ እኔ ወደ አማርኛ ገልብጬው በየቤቱ ደግሞ በጉራጊኛ እየተረጐምሁ እጠይቅ ነበር፤ በዚህ በሦስት ደጃፍ ባለፈ ነገር ላይ ስንት ቃል እንደ ወደቀ እግዚአብሔር ያውቃል። ከሁሉ የማልረሳት አንዲት እናት አሉ። ከቤታቸው በስተኋላ፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የእንሰቱን ግንድ በተጋደመው ሰሌዳ ላይ በተረከዛቸው ደግፈው ይፍቁ ነበር፤ ውኃው ከሰሌዳው ሥር እየተንጠባጠበ፣ የሚፋቀው ነጭ ነገር ጕድጓዱ ውስጥ እየተከመረ። እጃቸውን ሳያቆሙ «ልጄ፣ ከማን ተልከህ ነው?» አሉኝ። «ከትምህርት ቤት ነው፤ ለጥናት ነው» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከኋላዬ የቆመውን የገበሬ ማኅበር ሰው አዩ፣ ደግመው አቀረቀሩ፤ «ጠይቅ» አሉኝ።

«የቤተሰቡ ራስ ማን ነው?» አልሁ። ሴትየዋ ሳቁና «በቤቴ ራስ የሌለው ሰው የለም» አሉ። ባላቸው በመርካቶ ሲነግዱ ዓመቱን ሙሉ ይከርማሉ፤ የሚመጡት ለመስቀል ነው፤ እንሰቱን የሚተክሉት፣ ግብሩን የሚከፍሉት፣ ልጆቹን የሚያሳድጉት፣ ልቅሶ የሚደርሱት እርሳቸው ናቸው። በወረቀቴ ላይ ግን የነበረው ሳጥን አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አሥራ አንድ ወር ያልታየ ሰው ስም ጻፍሁበት። «ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ታመው ያውቃሉ?» ብዬ ስጠይቃቸውም ግራ ገባቸው፤ «ከመስቀል ወዲህ ማለትህ ነው?» ሲሉኝ፣ ዓመት በእኛ አገር ከመስቀል እስከ መስቀል መሆኑን እኔ የጉመር ልጅ መሆኔን የረሳሁ ያህል ረስቼው ነበር። ይህ ነው እንግዲህ በአገሩ ልጅ ላይ የሚደርሰው ፈተና፤ የሚያውቀውን ነገር እንዳያውቀው ያስተማሩት ሲመስለው፣ የማያውቀውን ደግሞ እንደሚያውቀው ቈጥሮ ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ከአምስቱ ሳጥን አንዱን እንዲመርጡ በጠየቅኋቸው ጊዜም «ከተስማማሁ ተስማማሁ ነው፤ ‹በጣም› የሚባለው ለክትፎ ቅመም ነው» አሉኝ፤ እኔም ይህን ቃል ቀልድ ቈጥሬ ከወረቀቴ ተውሁት። ዛሬ ቢሆን የጥናቴ መጀመሪያ አደርገው ነበር።

«የቤተሰብዎ ብዛት ስንት ነው?» ብዬም ጠይቄያቸዋለሁ። በሌላው ጥያቄ ሁሉ ሲያመነቱ የነበሩት እናት ለዚህኛው ሳልጨርስ «አምስት» አሉኝ። ጥርት ያለ መልስ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኋቸው።

ጥሩ የአጠያየቅ ምሳሌ ከፈለግን ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ከዘቢዳር ማዶ ቡታጅራ አለች። በዚያ ከ1979 ዓ.ም ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር በ10 ቀበሌዎች የሚወለደውንና የሚሞተውን፣ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሰው እየመዘገበ ቈይቷል፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹም አብዛኞቹ በዚያው አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ ልጆች ነበሩ፤ ይህንን በተለይ 12ኛን ለጨረሳችሁት እናገራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች በባልና ሚስት መካከል ስለሚደርስ ጥቃት ያስጠናው ጥናት በኢትዮጵያ የተደረገው በቡታጅራ አካባቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ዘገባ መሠረት፣ ትዳር ይዘው ከሚያውቁት ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በዘመናቸው ከትዳር ጓደኛቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከተጠኑት ስፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ቍጥር ይህ ነበር። አንዳንድ ሰው ቍጥሩን ሰምቶ «የቡታጅራ ወንድ ከዓለም ሁሉ የከፋ ነው ወይ?» ብሎ ሲቈጣ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሌላ ነገር አስባለሁ፤ ሴቶቹ እንዴት ተናገሩ? ጠያቂዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች፤ ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ለቀሩት ቤተሰቦችና ለመንደሩም ጥናቱ ስለ ሴቶች ጤና ነው ይባላል እንጂ ስለ ዱላ ነው አይባልም፤ ባል ቢገባ ንግግሩ ወደ ሌላ ነገር ይዞራል። በሌላ አነጋገር ጠያቂው በተጠያቂው ፊት ምን መስሎ እንደሚታይ አስቀድሞ ታስቦበታል። ባሕላችንም ይህን ጥንቃቄ አያጣውም፤ ሽማግሌ ነገር ሲሰማ የተናጋሪውን ቃል መልሶ ያሰማዋል፤ «እንዲህ ብለሃል አይደለም ወይ?» ይለዋል፤ ሰውየውም ያስተካክላል። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ፊት የትዳርን ሥርዓት ጥያቄ ይዛ የቆመችው የቃቄ ወርድዎት በቃል ታሪክ እስከ ዛሬ መታወሷም፣ ያ ሸንጎ ቢያንስ እንድትናገር ጊዜ ስለ ሰጣት ነው።

እንግዲህ ልጁ ሊጠይቅ ወዳሰበው ወደ አስተዳደር ነገር ስንመጣ፣ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል። በ1993 ዓ.ም ስልጤ በሕዝበ ውሳኔ ማንነቱን ለይቶ የራሱን ዞን መሠረተ፤ በነሐሴ 2014 የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ዞኑን ከሌሎች ዞኖች ጋራ በአንድ ክልል የሚያጣምረውን፣ «ክላስተር» የተባለውን አደረጃጀት ሳይቀበል ቀረ፤ በዚያው ሰሞን ወልቂጤ ሱቋን ዘግታ ሰነበተች፤ በየካቲት 2015 በዚያችው ከተማ የመጠጥ ውኃ ጥያቄ ይዞ አደባባይ በወጣ ሕዝብ መካከል የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በነሐሴ 2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተባለው ክልል ተመሠረተ፤ ከዚያም ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ ዘመን የሆነ ነው። የኔ ልጅ፣ አንተ በወልቂጤ አንድ ባለ ሱቅ ዘንድ ገብተህ «ሱቅዎን የዘጉት በፈቃድዎ ነው ወይስ ፈርተው?» ብለህ ብትጠይቀው፣ ሻይ ያዝዝልሃል እንጂ መልስ አይሰጥህም፤ ቢሰጥህም በዚያን ቀን ማን እንደሚሰማው ቈጥሮ የሚሰጥህ መልስ ነው። ስለዚህ የዱቤ መዝገቡን እንዲያሳይህ ጠይቀው። በየትኛው ቀን ምንም እንዳልተጻፈ፣ ከዚያ ወዲያ ዱቤ የሚወስዱት እነማን እንደ ሆኑ፣ ስንቱ እንደ ከፈለና ስንቱ እንደ ጠፋ ከመዝገቡ ታገኘዋለህ፤ ያኔ ሰውየው ራሱ ሳትጠይቀው መናገር ይጀምራል፤ ምክንያቱም ነጋዴ ስለ ፖለቲካ ዝም ሊል ይችላል እንጂ ስለ ዱቤ ዝም ሊል አይችልም። አረቅጥ ላይም እንዲሁ ነው፤ «አዲሱ አወቃቀር አገልግሎት አሻሽሏል ወይ?» ከማለት ይልቅ አንዲት እናት የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ስንት ቀን እንደ ተመላለሱ፣ ስንት ብር የትራንስፖርት እንደ ከፈሉ፣ በየትኛው በር ላይ እንዳደሩ ጠይቅ። ደብዳቤህንም ለወረዳው አሳይና ኪስህ ውስጥ ክተተው፤ የቀበሌውን ሰው አመስግነህ ከመንደሩ አፋፍ ላይ አሰናብተው።

የቀረው የእኔ ጉዳይ ነው። ጽሑፌን ለመምህሮቼ አስረክቤ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ፣ ጥናቴን ረሳሁት። መንግሥት ተለውጦ፣ በ1984 ዓ.ም ለመስቀል ወደ አገሬ በገባሁ ጊዜ፣ ከቤት ወረቀቶች መካከል ቅጂውን አግኝቼ፣ ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም፣ ይዤው ወደዚያች እናት ቤት ሄድሁ። አላረጁም፤ ፊታቸው ግን ቀጥኗል። ቡና ተፈላ። በልባቸው ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ሳይሆን አይቀርም፣ «ያን ቀን የጻፍኸውን አንብብልኝ» አሉኝ። እኔም በጉራጊኛ እየተረጐምሁ አነበብሁላቸው፤ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ባላቸው። በየመካከሉ «እህ» ይላሉ። «የቤተሰቡ ብዛት አምስት» ባልሁ ጊዜ ግን «እህ» ማለታቸውን ተዉ።

የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ በ1975 ዓ.ም ከወጣ ወዲህ በየመንደሩ ለአቅመ ውትድርና የደረሰ ወንድ ልጅ ይቈጠር እንደ ነበር፣ እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር። ስኒ እያቀረበ ሲያስተናግደን የነበረው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ስኒውን አስቀመጠና ወደ ቆጡ በጣቱ አመለከተኝ። በዚያን ቀን፣ እናቱ በጓሮ ሆነው ለእኔ ሲመልሱ፣ እርሱ ከዚያ ላይ በሆዱ ተኝቶ በግድግዳው ስንጥቅ ያዳምጥ ኖሯል። ከኋላዬ የቆመውንም ሰው ያውቀው ነበር።

«እንዳልተነፍስ ጥያቄዎቹን እቈጥር ነበር» አለኝ፤ «ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው።»

ወረቀቱን ገልብጬ ቈጠርሁ። አርባ ነበሩ፤ አንዱን ሳልጠይቅ ዘልዬው ኖሯል።